በቁሙ የተለቀሰለት

የእንግዳውን ስም በስልክ የነገሩት ዕለት ሻምበል ዳኘው መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጥሩ የሆቴል ክፍል መያዝ ነበር። ሐይቁን ፊት ለፊት የሚያይ፣ ውሃው የማይቋረጥ፣ አልጋው የማይንቋቋ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ትንሽ አሰበና እንደገና ደወለ።

"አጎበሩ ቀዳዳ እንዳይኖረው" አለ።

ሰውዬውን ወባ ቀድሞ እንዲገድልበት አልፈለገም።

ዘመኑ 1976 ነው፤ አሥረኛው የአብዮት በዓል ሊከበር ጥቂት ወራት የቀሩት። ከአዲስ አበባ የተማሩ ሰዎች እየተላኩ በየአውራጃው ንግግር ያደርጉ ነበር። በጣና ዙሪያ ያለውን የንግግር ጉዞ የሚያሰናዳው ሻምበል ዳኘው ነው። ጀልባ ይከራያል፣ አዳራሽ ያስጠርጋል፣ ከየቀበሌው ስንት ሰው እንደሚመጣ ይደለድላል፣ ጠረጴዛውን ቀይ ጨርቅ ያለብሳል፣ የተናጋሪውን ብርጭቆ ደግሞ ለማንም ሳይተው በእጁ ያጥባል። ከሁሉ በላይ ግን ጥያቄ ያድላል። ከንግግሩ በኋላ "ጥያቄ ያለው?" ሲባል ሕዝቡ ዝም ካለ ተናጋሪው ያፍራል፤ ተናጋሪው ካፈረ የላከው ጽሕፈት ቤት ይቆጣል። ስለዚህ ቀደም ብሎ ለአንድ አስተማሪ፣ ለአንዲት የሴቶች ማኅበር አባልና ለአንድ ገበሬ የሚጠይቁትን በቃል ያስጠናቸዋል። ገበሬው ሁልጊዜ ስለ ማዳበሪያ ይጠይቃል።

እሱን ለዚህ ሥራ የመረጡት፣ ሰው መደርደር ስለሚያውቅ ነው። በንጉሡ ጊዜ የክብር ዘበኛ ፈረሰኛ መኮንን ነበር። ኦጋዴን ላይ ተከቦ በውሃ ጥም ሊያልቅ ለነበረ ጦር፣ በጥይት መሐል በፈረስ ውሃ አድርሶ ሜዳይ ተሸልሟል። አብዮቱ ሲመጣ ፈረሶቹ ተበተኑ። የሱን ቦራ፣ ያንን ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን፣ አንድ ቀን መርካቶ ውስጥ የጤፍ ጋሪ ሲጎትት አየው። ፈረሱ አውቆት ጆሮውን አቆመ። እሱ እንዳላወቀ ሆኖ አለፈ። ከዚያ በኋላ ጡረታውን ይዞ ወደ ሚስቱ አገር ወደ ባሕር ዳር መጣ፤ ሜዳዩን በካልሲ ጠቅልሎ ከሣጥን ሥር ከተተው።

"ንግግር ማለት ሰልፍ ነው" ይል ነበር ሥራውን ሲጠይቁት። "ልዩነቱ፣ እዚህ ፈረሱ ቁጭ ብሎ ያንቀላፋል።"

የሚመጣው ሰው ጓድ ደሞዝ ይባላል። ባሕር ዳር ያውቀዋል። በ1970 ከተማዋን ከፀረ አብዮተኞች ሊያጸዳ ተልኮ የመጣው እሱ ነው። አንድ ስብሰባ ላይ በእጁ የያዘውን ከዘራ ዘርግቶ፣ "አንተ ባለ ቡናማ ሹራብ፣ ተነሥ" አለ። ስም እንኳ አልጠራም። ባለ ቡናማ ሹራቡ ክንዱ የሚባል ወጣት ነበር፤ የሻምበል ዳኘውና የየሻሽወርቅ አንድ ልጅ፣ ፔዳ የሚባለው የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ። እናቱ ወደ እስር ቤቱ ምሳ ስታመላልስ ሰነበተች። አንድ ቀን በር ላይ ያለው ጠባቂ ምሳውን ሳይቀበል ሹራቡን አጣጥፎ ሳህኑ ላይ አደረገላትና፣ "ከነገ ጀምሮ አትልፊ" አላት።

በቃ። አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም። ማልቀስ ክልክል ነበር። ደረቷን ስትመታ የተሰማች እናት እሷም ትወሰዳለች፤ ጎረቤት ለልቅሶ ቢመጣ እሱም ይጠየቃል። የሻሽወርቅ ሹራቡን ሳታጥብ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። እርሟን አላወጣችም። እርሙ ያልወጣ ሰው ደግሞ ሞተም አይባል፣ አለም አይባል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ምሳ ሰዓት ላይ በሩን የምታይ እናት ይዞ ይቆያል።

ደሞዝ ከዚያ በኋላ ለትምህርት ወደ ውጭ ሄደ። አሁን ተናጋሪ ሆኖ ተመለሰ።

"ደሞዝ ሊመጣ ነው" አላት ሻምበል እራት ላይ።

"የቱ ደሞዝ?"

"ያ።"

የሻሽወርቅ የያዘችውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰችው። "ምን ልታደርገው ነው?"

"በጀልባ ወደ ጎርጎራ ስንሻገር፣ ከደቅ ደሴት ማዶ ውሃው ጥልቅ ነው።"

"እሺ፣ ሰጠመ። ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሞተ።"

"ሞተ!" አለች፤ ሳቀችበት። "ሲሞትማ ባንዲራ ዝቅ ይልለታል። በሬዲዮ ጡሩምባ ይነፋለታል። ከየቀበሌው እየነዱ አምጥተው ያስለቅሱናል፤ ወንበር የምትደረድር ደግሞ አንተው ነህ። የኔ ልጅ አንዲት ጠብታ እንባ ሳያገኝ፣ ለዚያ ውሻ ተሰልፌ ላልቅስ? የወንድ ብልሃትህ ይህ ነው?"

 ሻምበል እጁን ከትሪው አነሣና፣ "ልቅሶ" አለ፤ ቃሏን ገና አሁን የሰማት ይመስል።

"ምን?"

"ሲሞት የሚለቀስለትን ቀድመን ብንሰጠውስ?"

በአቸፈርና በአገው ምድር በኩል የታወቀ ሰው ሲሞት ፈረሱ ወደ ልቅሶው አደባባይ ይመጣል። ይጫናል፣ ግላስ የሚባለውን ጌጠኛ ልብስ ይለብሳል፤ ኮርቻው ላይ ግን ማንም አይቀመጥም። የሟቹ ልብስና መሣሪያ ይደረግበትና ሰው በእጁ እየሳበ ያዞረዋል፤ አልቃሿ ስሙን እየጠራች ሙሾ ታወርዳለች። ሻምበል ለስንት ጓደኞቹ እንዲህ ያለ ፈረስ ስቧል። በሕይወት ያለ ሰው ልብስ ባዶ ኮርቻ ላይ ማድረግ ነውርና ሟርት መሆኑን የማያውቅ ፈረሰኛ የለም። ዝናብ የመታው ካፖርቱን እንኳ ኮርቻ ላይ ያሰጣ እንደሆነ፣ "አንሣ፣ ምን ልታመጣ ነው!" ብለው ይጮኹበታል። ደሞዝ ግን ያደገው አዲስ አበባ ነው፤ ከዚያም ውጭ አገር። ፈረስ ያየው ጋሪ ላይ ነው።

የሻሽወርቅ ነገሩን ሁሉ ሰማችና እጇን ታጥባ ተነሣች። ከሣጥኑ ሹራቡን አውጥታ ጭኑ ላይ ጣለችለት።

"ፈረስ ካመጣህ ይሄን ጫንበት። እነሱ ለአብዮት ሰማዕታት ነው ይበሉ፤ እኔ ልጄን ላልቅስ።"

"አንድ ፈረስ ነው የሻሽ። ሁለት ሰው አይለቀስበትም።"

"እንግዲያስ ምረጥ።"

ሹራቡን ትኩር ብሎ አየው። ክርኑ ላይ እሷው የጣፈችው ጥቁር ክር አለ። አጣጥፎ መለሰላት።

"አንተ ሰው" አለች፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ "ከልጅህ ይልቅ ጠላትህን ወደድህ።"

*

ጓድ ደሞዝ በግንቦት መጀመሪያ መጣ። ወፍሯል። ባለ አራት ኪስ ካኪ ጃኬት ለብሷል፤ ወገቡ ላይ ሽጉጥ አለ፤ ድምፁ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምራል። የሻምበልን እጅ ሳይጨብጥ ሻንጣውን ሰጠው።

"ሻምበል የሚሉህ አንተ ነህ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ፣ ጓድ።"

"ጥሩ። እኔ ሰው ሲያንቀላፋ አልወድም።"

ደሞዝ "ሻምበል ማን?" ብሎ አልጠየቀም። በጉዞው ሁሉ አልጠየቀም። ዘጌ ተናገረ፣ ጎርጎራ ተናገረ፣ ደልጊ ተናገረ። ጎርጎራ ሲሻገሩ ሻምበል ከኋላው ተቀምጦ ያንን ጥልቅ ውሃና የሰውዬውን ወፍራም ማጅራት እያፈራረቀ አየ፤ እጁንም ኪሱ ውስጥ ከተተ። በየሄዱበት ደሞዝ ኋላ ቀር እምነት ስለሚባለው ነገር አስተማረ፤ ቡዳ፣ ምልኪ፣ እርግማን፣ ሁሉም የፊውዳሉ ሥርዓት ዝተት ነው አለ። በየሄዱበትም ገበሬው ስለ ማዳበሪያ ጠየቀ። ቁንዝላ ላይ ሙቀቱ ሲበዛበት አጎበሩን ጠቅልሎ መስኮቱን ከፍቶ ተኛ። ሻምበል "ጓድ፣ ትንኝ አለ" ቢለው፣ "አንተ ደግሞ እንደ እናቴ!" አለው።

የሚቀረው የባሕር ዳሩ መዝጊያ ብቻ ነበር።

"ሕዝቡ እንደ አገሩ ደንብ ሊቀበልዎ ይፈልጋል" አለው ሻምበል በመመለሻው ጀልባ ላይ። "መጀመሪያ የሰማዕታት መታሰቢያ ይሆናል፤ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። የተጫነ ፈረስም ይመጣል።"

"እኔ እጋልባለሁ እንዴ?"

"ኧረ የለም! እርስዎ መድረክ ላይ ነዎት። ኮርቻው ላይ የሚሆን ልብስዎና ሽጉጥዎ ነው። የትልቅ ሰው እንደዚያ ነው የሚደረግ።"

ደሞዝ ፈገግ አለ። "ቅርጹ ባህላዊ፣ ይዘቱ አብዮታዊ" አለ። "ጥሩ ነው። ጃኬቱን አስተኩሰው።"

ድምፅ ማጉያውንና ጀነሬተሩን ይዞ አብሯቸው የሚዞረው የወረታው ነጋዴ ጀላሉዲን ነበር። የእህቱ የአስያ ልጅ ከክንዱ ጋር አንድ ክፍል ታስሮ ነበር፤ እሱም አልተመለሰም። ሽቦውን እየጠቀለለ ሁሉን ሰማ። ከጀልባው ሲወርዱ ሻምበልን ክርኑን ያዘው።

"ሻምበል፣ እኔ እስላም ነኝ፤ እኛ ለሞተውም አንጮህም። ግን ይሄ የምትሠራው ነገር... አንገትህን ትወደዋለህ?"

"አንተ ድምፁን ብቻ ከፍ አድርግ።"

ጀላሉዲን ዙሪያውን አየና፣ "አላህ ይቅር ይበለኝ፤ እስከ መጨረሻው ነው የማዞረው" አለ።

*

ሻምበል ለመዝጊያው ቀን እንደ ጥንቱ አዘጋጀ፤ ለንጉሥ ልደት ሰልፍ የሚያወጣ ያህል። ቦታው በሐይቁ ዳር ያለ ሜዳ ነው። ከሹም አቦና ከግሽ አባይ ቀበሌዎች የሚመጡትን ሴቶች ከፊት አስቀመጣቸው። የትኛዋ ቤት እርም እንዳልወጣ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር፤ ለስድስት ዓመት በበሮቻቸው ሲያልፍ ባርኔጣውን እያወለቀ ነው ያለፈ። ፈረሱን ከአገው ምድር ያመጣው የቀድሞ ወታደሩ አገኘሁ ነው፤ ጥቁር፣ አንገተ ረጅም ፈረስ። አልቃሿ ወለተ ኪዳን ናት። ወለተ ኪዳን በዚያ ክፉ ዓመት ሙሾ አወረድሽ ተብላ ተገርፋለች፤ ሻምበል ቤቷ ሄዶ ያሰበውን ሲነግራት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው።

"ስሙን ልጥራው?"

"ጥሪው።"

"እንግዲያስ ክፍያ አልፈልግም።"

ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘነብል ደሞዝ በነጭ ሸሚዝ መድረኩ ላይ ቆመ። ጃኬቱን በገዛ እጁ አውልቆ፣ ሽጉጡን ጥይቱን አውጥቶ ከነመታጠቂያው ለሻምበል ሰጥቶታል። ሻምበል ከመድረኩ ኋላ ጃኬቱን ኮርቻው ላይ ዘረጋው፤ እጅጌዎቹ በግራና በቀኝ ወረዱ። ሽጉጡን አንጠለጠለበት።  አገኘሁ ግን ልጓሙን እንደያዘ አላንቀሳቅስ አለ።

"ጌታዬ፣ ሰውዬው እኮ በሕይወት አለ።"

"አውቃለሁ።"

"ነውር ነው።"

"ልጄን ክንዱን ታስታውሰዋለህ? ፈረስ ላይ ያወጣኸው አንተ ነህ።"

አገኘሁ ልጓሙን ሳበ።

ፈረሱ ወደ ሜዳው ሲገባ ሕዝቡ መጀመሪያ አጨበጨበ፤ ማጨብጨብ ልማድ ነው። ከዚያ ከፊት ያሉት አሮጊቶች እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ጭብጨባው ከፊት ወደ ኋላ እየሞተ ሄደ።

"ማን ሞተ?" አለች አንዷ።

"ዝም በይ።"

"ኧረ ማን ሞተ? ፈረሱ ባዶ ነው!"

"ጃኬቱን አታዪም? ከዚያ መድረኩን እዪ።"

አሮጊቷ ጃኬቱን አየች፤ መድረኩን አየች፤ ነጭ ሸሚዙን አየች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ወገቧ ላይ አገለደመች። የሐዘን አገላደሟ ነው። አጠገቧ ያለችው ያንኑ አደረገች። ከዚያ ረድፉ በሙሉ።

ወለተ ኪዳን ወደ ድምፅ ማጉያው ቀረበች።

*ፈረሱ መጣልን፣ ኮርቻው ባዶ ነው፤*
*ጌታው የት ወረደ፣ ልብሱን ማን ገፈፈው?*

ጀላሉዲን ቃሉን ጠብቆ እስከ መጨረሻው አዞረው። ድምፁ ሐይቁን ተሻግሮ የተመለሰ መሰለ።

*አታልቅሱ ቢሉን ስንት ክረምት አለፈ፤*
*ዛሬስ ተፈቀደ፣ እንባችን ጎረፈ።*

ሜዳው ፈነዳ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተነሡ፤ ፈረሱን ከበው መዞር ጀመሩ። እያንዳንዷ በሆዷ የራሷን ልጅ ስም ትጠራለች፤ በአፏ ግን የምትመልሰው ወለተ ኪዳን የምትጠራውን ነው።

"ወይ ደሞዝ! ወይ ጌታዬ!"

"ወይ ደሞዝ!" አለ ሜዳው ሁሉ። "ወይኔ ደሞዝ!"

ደሞዝ ስሙ ሲጠራ ሰማ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ደረቱን ነፍቶ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሣና፣ ፈረሱ በፊቱ ሲያልፍ ለገዛ ጃኬቱ ሰላምታ ሰጠ። ፎቶ አንሺው አነሣው።

ሻምበል ከመድረኩ ሥር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ኦጋዴን ላይ ያ ጦር ውሃውን ሲጠጣ ያየ ጊዜ የተሰማው ነገር ተሰማው፤ ጉሮሮው ረጠበ። ከዚያ ዓይኑ የሻሽወርቅን ፈለገ። ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ ሲዞር፣ እሷ ብቻ ከፊት ረድፍ ወንበሯ ላይ ነበረች። እጆቿን አጣምራለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። የምታየው ደሞዝን አልነበረም፤ ባሏን ነበር።

*

ያን ዕለት ማታ ደሞዝ ለበላዮቹ ቴሌግራም አስላከ፤ "ሰፊው ሕዝብ በአብዮታዊ ስሜት አለቀሰ" የሚለውን ሐረግ ራሱ ነው ያቀበለ።

በማግስቱ ጢሙን ሊላጭ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጭ የለኝም አለው፤ ምላጩ በእጁ ነበር። ሊስትሮው ዕቃውን ሰብስቦ ተነሣ። ምሳ ሊበላ ሲቀመጥ በአጠገቡ ያሉት ሁለት ጠረጴዛዎች ተለቀቁ። አስተናጋጇ ሳህኑን ከሩቅ ገፋ አድርጋ አስቀመጠችለት፤ የጠጣበትንም ብርጭቆ ወስደው ውጭ ሲሰብሩት ሰማ። ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ አለው። ማታ አልጋው ተንቀጠቀጠ። ከሁለት ሳምንት በፊት የነከሰችው የቁንዝላ ትንኝ ሥራዋን ሠርታለች።

አንሶላ ልትቀይር የመጣችውን ሴት በትኩሳቱ ውስጥ ሆኖ እጇን ያዛት።

"ሰዎቹ ምን ሆነዋል? ለምንድን ነው የሚሸሹኝ?"

"እኔ እንጃ ጌታዬ፣ ይልቀቁኝ።"

"ተናገሪ!"

"እርስዎ እኮ ተለቅሶልዎታል" አለች ሴትዮዋ። "በፈረስ። ባሕር ዳር በሙሉ እርምዎን አውጥቷል። ከሞተ ሰው ጋር ማን ማዕድ ይቆርሳል?" አንሶላውን ጥላ ወጣች።

ሻምበልን ያስጠራው በነጋታው ጠዋት ነው። ሻምበል ሐኪም አምጥቶ፣ ኪኒን አስገዝቶ፣ የተናጋሪውን ብርጭቆ አጥቦ ይዞ መጣ። ሥራው ነው። ከመስኮቱ ሐይቁ ያበራል፤ ታንኳዎች እንጨት ጭነው ያልፋሉ።

"አስይዝሃለሁ" አለ ደሞዝ፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። "አስረሽንሃለሁ!"

"ይችላሉ። ግን ምን ብለው ይከሱኛል? ጃኬትዎን በእጅዎ ሰጡኝ። ሰላምታውን በእጅዎ ሰጡ፤ ፎቶው አለ። ሕዝቡ አለቀሰ ብለው በስምዎ አስላኩ። አሁን ደግሞ 'ለካ የተለቀሰው ለእኔ ነው፣ ፈራሁ' ብለው ሊያስልኩ ነው?"

ደሞዝ ትራሱ ላይ ወደቀ።  እንደገና ሲናገር ያ የሚያምር ድምፅ የለም።

"መፍቻ የለውም? እናንተ አገር ለሁሉ ነገር መፍቻ አለ።"

ሻምበል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ስሜን ያውቁታል?"

"ሻምበል..."

"ሻምበል ማን?"

ደሞዝ ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሳበ።

"ዳኘው። የክንዱ አባት።"

ደሞዝ ጣሪያውን እያየ ስሙን በትዝታው ፈለገ፤ ፊቱ ላይ ምንም አልተገኘም። ሻምበል ይህን አልጠበቀም ነበር። ይክዳል፣ ይምላል፣ ይለምናል ብሎ አስቦ ነበር። ሰውዬው ረስቶታል! የሻምበል እጅ ሊያፍነው ወደ ትራሱ ሄደ፤ ይዞት ቆየ፤ ከዚያ ለቀቀው።

"ባለ ቡናማ ሹራብ" አለ ዝቅ ብሎ።

አሁን ደሞዝ አወቀ። ሰውን በስሙ ሳይሆን በልብሱ ነው የሚያስታውስ።

"የት ነው ያለ?" አለ ሻምበል።

"ይፈታል? ከነገርኩህ ይፈታል?"

"የት ነው?"

"ከከተማው ወጣ ብሎ... የወጣቶች ማኅበር የተከለው ባሕር ዛፍ አለ፣ በዓባይ ማዶ። ከሸክላ መተኮሻው ጉድጓድ በስተጀርባ። እሱና ሌሎችም። ትልቅ ዋርካ ነበረበት፣ ተቆርጧል፤ ጉቶው ግን ይኖራል።"

ሻምበል ደገመለት፤ ማዶ፣ መተኮሻ፣ ጉቶ። ደሞዝ ራሱን ነቀነቀ።

"አሁን ተፈታ?"

"ምኑ?"

"ልቅሶው!"

"እኔ ምን አውቄ፣ ጓድ ደሞዝ" አለ ሻምበል እየተነሣ። "ኋላ ቀር እምነት ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።" ኪኒኑን በመዳፉ አቀረበለት፤ ብርጭቆውን በሌላው እጁ። "ይዋጡ። እርስዎ አሁን ከሞቱ ባንዲራ ዝቅ ይላል፣ ጡሩምባ ይነፋል። እኔ ያንን አልፈልግም። ሺህ ዓመት ይኑሩ፤ ማንም ሳያለቅስልዎት።"

ደሞዝ ዋጠ።

*

ሻምበል ቤት ሲደርስ የሻሽወርቅ ምስር ትለቅም ነበር። ቦታውን ነገራት። ምስሩን አስቀመጠች፤ ወደ ሣጥኑ ሄደች።

"አገኘሁ ገና ወደ አገሩ አልተመለሰም" አላት። "ፈረሱ ከጓሮ ነው።"

"አየሁት።"

ሹራቡን ራሷ ኮርቻው ላይ ዘረጋችው፤ በቆዳ ጠፍር አሰረችው። ሻምበል ልጓሙን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ መታችው።

"እኔ ነኝ የምስበው። አንተ የመረጥኸውን አልቅሰሃል።"

በቀን ብርሃን፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው፣ ዓባይን ተሻገሩ። እሷ ፈረሱን እየሳበች ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ጉቶው ነበረ። ከላዩ አዲስ ባሕር ዛፍ በቅሎበታል። እዚያ ስትደርስ ዞር ብላ በእጇ ምልክት አሳየችው፤ እዚያው ቁም። ቆመ። ከቆመበት ሆኖ ያያት ነበር፤ ፈረሱን እያዞረች፣ ደረቷን እየመታች፣ አፏ እየተከፈተና እየተዘጋ። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ስለነበረ የምትለውን አንድም ቃል አልሰማም። የሰማ ፈረሱ ብቻ ነው።

ጓድ ደሞዝ አልሞተም። ዳነ፣ አዲስ አበባ ተመለሰ፣ ሹመትም አገኘ። የበዓሉ ሰሞን ድምፁ በየቀኑ በሬዲዮ ነበር። ሻምበል ዳኘውም ሥራው ላይ ነው፤ ለሚቀጥለው ተናጋሪ ወንበር ይደረድራል፣ ብርጭቆ ያጥባል፣ ጥያቄ ያስጠናል።

በሹም አቦ ግን አንድ ልማድ ገብቷል። "አሁን ጓድ ደሞዝ ንግግር ያሰማሉ" ሲል ጋዜጠኛው፣ ሴቶቹ የያዙትን ሥራ ይተዉና እንደ ደንቡ፣ ስለ ሞተ ሰው እንደሚባለው፣ "ነፍስ ይማር" ይላሉ።

የሻሽወርቅ ብቻ አትልም። እሷ ተነሥታ ሬዲዮውን ትዘጋለች።

"አይማር" ትላለች።